የወይዘሮ ዶሪን የቆርቆሮ ሣጥን

ወይዘሮ ዶሪን ሆቮርካ ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሿት ከሰነበቱት ልጅ ጋር፣ ዓርብ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የዓሣ ጥብስ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሥጋ ቀርቶ ዓሣ የሚበላበት የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ዓርብ ስለ ነበር የዌልደን ወረዳ ሰው ግማሹ እዚያው ነው። በረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች አንዲት ወንበር ብቻ ተርፋለች፤ እሷም ከማርሴላ ኪንታና ፊት ለፊት። ሳህናቸውን እንደ ያዙ ግራ ቀኙን ቃኙ። ሌላ ወንበር የለም።

«ይቀመጡ እንጂ ወይዘሮ ዶሪን፤ ዓሣው ይቀዘቅዝብዎታል» አለች ማርሴላ ብድግ ብላ።

«እሺ፣ ምን ይደረግ» አሉና ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ግን ወለሉ ላይ አላኖሩትም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው በክንዳቸው አቀፉት።

ቦርሳው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከወረዳው የድንገተኛ ጥሪ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ወይዘሮ ዶሪን የክፍሉ አለቃ ናቸው። የዌልደን ገበሬ ደግሞ አምቡላንስ ሲጠራ የመንገድ ቁጥር አይናገርም፤ «የድሮው የክሉትዝ ቤት ነኝ» ይላል። የመጨረሻው ክሉትዝ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሽጧል፤ ስሙ ግን ከክሉትዝ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለው ስም ሁሉ ከነአቅጣጫው በወይዘሮ ዶሪን የእጅ ጽሑፍ ካርድ ላይ ሰፍሮ፣ ካርዱም በዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። «ሰኞ ልጅቷ መጥታ ካርዶቹን ፎቶ ልታነሣ ነው» የሚል ወሬ ጆሯቸው ስለ ገባ፣ ዛሬ ከሥራ ሲወጡ ለማንም ሳይናገሩ ሣጥኑን ይዘውት ወጡ።

ልጅቷ የተባለችው የወረዳው የቴክኖሎጂ ኃላፊ ማርሴላ ናት። እናትና አባቷ የሥጋ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ እሷ ተምራ፣ በትልቅ ከተማ ሠርታ፣ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። ኃላፊ ይበሏት እንጂ ሠራተኞቿ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መልቀቂያ አስገብቷል። ማክሰኞ የወረዳው ምክር ቤት በእሷ ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የወረዳው ክፍሎች ሁሉ አንድ ካርታ ይኑራቸው፤ የሣጥኑም ዕውቀት እዚያ ይግባ። አምስቱ ተመራጮች ደግሞ አምቡላንስን በሚመለከት ነገር የወይዘሮ ዶሪንን ፊት ሳያዩ እጃቸውን አያነሡም። ይህን ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ።

«ማክሰኞ ይቃወሙኛል አሉ» አለች ማርሴላ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አላማራትም።

«እቃወማለሁ። ፊት ለፊት ብነግርሽ ይሻላል ልጄ፤ ከኋላ የሚወጋ ሰው አልወድም።»

«ምክንያትዎን ብሰማ ደስ ይለኛል።»

«ምክንያት? ካንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ ነዋ! ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ‹ዘመን ተለውጧል› ብሎ በማሽን አጥለቀለቀን። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ የእሳት አደጋ መኪናውን በስሙ ሞክሼ ወደሆነ መንገድ፣ ወደ ሌላ ከተማ ላከው። የሩዲ ፕሮስኮቬትስ ጎተራ ዐመድ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው!»

ማርሴላ አንገቷን ነቀነቀች። «እውነትዎን ነው። ጥፋቱም የማሽኑ አይደለም፤ የሰውዬው ነው። ስልክ የሚያነሡትን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ የእርስዎን በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት፤ ‹ሥራ ላይ ነኝ› ይሉኛል።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ ነዋ።»

«ስምንት ወር?»

ወይዘሮ ዶሪን በዓሣው ላይ ሎሚ ጨመቁ። ቀድሞም ጨምቀውበት ነበር።

«ደግሞስ» አሉ፣ «ያ ሁሉ ነገር የት ነው የሚቀመጠው? ‹ደመና ላይ› ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የእኔ ሣጥን መብራት ቢጠፋ አይጠፋ፤ ሌባ ከባሕር ማዶ አይሰርቀው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቤት ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«አያውቅም፤ አገር ይመስክር። ግን እትዬ ዶሪን፣» ድምፅዋ ለስለስ አለ፣ «እርስዎ የታመሙ ቀንስ?»

«አልታመምም።»

«ጡረታ የወጡ ቀንስ?»

«ያን ጊዜ ሣጥኑ አለ።»

«ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ከእርስዎ በቀር ማን ያነባል? አብራዎት ስልክ የምታነሣው ኬይሊን ‹ፊደሉ የዶሮ ጭረት ነው› ብላ አልቅሳብኛለች። ደግሞ የእኔን ጣጣ ልንገርዎት። የእሳት አደጋ ክፍሉ የራሱ ካርታ አለው። መንገድ ሥራው የራሱ አለው። ግዛቱ የላከልን ሦስተኛ አለ። አንዱን መንገድ በሦስት ቁጥር ይጠሩታል፤ አንዱ ለሌላው ትንፍሽ አይልም። ተመራጮቹን ስለምናቸው ‹እስከ ዛሬ ሠርቶ የለ? ምን ጎደለ?› ይሉኛል። ጎበዝ ልጅ አሠልጥኜ ሳበቃ ኩባንያ እጥፍ ከፍሎ ይወስድብኛል። እኔ የጎደለኝ ማሽን አይደለም፤ ሰው አምኖኝ የሚያውቀውን እንዲነግረኝ ነው።»

ወይዘሮ ዶሪን ልባቸው ትንሽ ራራ። ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ኩራት በአንድ ሳህን ዓሣ አይሟሟም፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተከበረበትን ነገር «አምጣ፣ ለሁሉ ላካፍለው» ሲሉት ሊቀሙት የመጡ ይመስለዋል። አይፈረድበትም።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ደኅና የተቀመጠውን አትነካኪ።»

ይህን ተናግረው አፋቸውን ሳይጠርጉ ስልካቸው ጮኸ። ተረኛዋ ኬይሊን ናት፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«እትዬ ዶሪን! ሣጥኑ የለም! ክፍሉን ሁሉ ገለበጥኩት፣ የለም! ሽማግሌው ኦርቪል ደረታቸውን ይዘው ወድቀዋል፤ የደወለው የቀን ሠራተኛ ‹የድሮው የክሉትዝ ቤት› ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። ማሽኑ የሚያሳየኝ የስልክ ማማውን ብቻ ነው፤ ቤቱን አያሳይም። ወዴት ልላካቸው?»

ወይዘሮ ዶሪን ፊታቸው በአንዴ ነጣ። አድራሻውን በቃላቸው ያውቁታል፤ እንደ ስማቸው ያውቁታል። ግን «ሣጥኑ የለም» የሚለው ቃል ሁሉንም አጠፋባቸው። ቦርሳውን ከፈቱ፤ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አወጡ። ማርሴላ አየች። የዓሣውን ሳህን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ክሉትዝ… ክሉትዝ… ይኸው! ከተቃጠለው ትምህርት ቤት በስተ ሰሜን፣ የአሸዋ ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ!»

«ድልድዩ ተዘግቷል!» አለች ማርሴላ ከወንበሯ ተፈናጥራ።

«ምን?»

«ከረቡዕ ጀምሮ! ምሰሶው ተሰንጥቆ መንገድ ሥራ ዘጋው። ካርታቸው ላይ ዛሬ ጧት አይቻለሁ።»

«ለእኛ ማን ነገረን?»

«ማንም! እኔስ ምን እያልኩ ነው የቆየሁት!»

ወይዘሮ ዶሪን ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት አለቃ ተመለሱ። «ኬይሊን፣ ስሚኝ። በድልድዩ እንዳይሄዱ። በመቃብሩ መንገድ ይውጡ፤ የነፋስ ወፍጮው ጋ ወደ ቀኝ። ከኋላ በር ያገባቸዋል። በይ፣ ቶሎ!»

ስልኩን ዘጉና በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አዳራሹ ይንጫጫል፤ አንዱ ተጨማሪ ድንች ይላል፤ እነሱ ስልኩን ብቻ ያያሉ። ከአሥራ ስድስት ደቂቃ በኋላ ኬይሊን ደወለች፦ ደርሰዋል፤ ኦርቪል ልባቸው ይመታል፤ የአምቡላንሱ ባለሙያ «በድልድዩ ሄደን ተመልሰን ቢሆን አናገኛቸውም ነበር» ብሏል።

ወይዘሮ ዶሪን ተነፈሱ፤ ተከትሎም ዕንባቸው ወረደ።

«እኔው ልገድለው ነበር» አሉ። «ካንቺ ልደብቅ ብዬ ኦርቪልን ልገድለው ነበር።»

«አዳኗቸው እንጂ! ያለ ካርድዎ የት እንደሆኑ ማን ያውቅ ነበር?»

«ያለ አንቺስ አምቡላንሱ የተዘጋው ድልድይ አፋፍ ላይ ተገትሮ ይቀር አልነበር? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላል ሰው፤ እኔ አፌ ብቻ ነው የሚያውቀው።» ዕንባቸውን በአፍ መጥረጊያው ወረቀት ጠረጉና ሣጥኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ ማርሴላ ገፉት። «በይ ያዢው። ፊደሉን ግን እኔው አነብልሻለሁ፤ ኬይሊን ‹የዶሮ ጭረት› አለችኝ? ቆይ፣ አሳያታለሁ!»

ማክሰኞ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ገና «ወይዘሮ ዶሪን፣ እርስዎ የሚቃወሙት…» ብሎ ሲጀምር ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አልቃወምም። ዓርብ ዕለት አንድ ሰው ሊሞት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ‹እስከ ዛሬ ሠርቶ የለ› የምትሉ፣ እኔም ስል ነበር። የሠራው እኔ ስላልታመምኩ ነው። ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ከተቆለፈ የወረዳው አይደለም፤ የዚያ ሰው ንብረት ነው። ይህችን ልጅ ስሟት። ግን» ጣታቸውን ወደ ማርሴላ ቀሰሩ፣ «አዲሱ ነገር መጀመሪያ ከአሮጌው ጎን ለጎን ሦስት ወር ይሞከር፤ ስልክ የምናነሣው ሳናምንበት አሮጌው እንዳይነሣ። ካርዶቹም ታትመው ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። መብራት መጥፋቱ አይቀርም።»

«እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር» አለች ማርሴላ።

አምስቱም እጃቸውን አነሡ። ሩዲ ፕሮስኮቬትስ፣ ጎተራው የተቃጠለበት ሰውዬ፣ ከኋላ ሆኖ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ እያነበበች፣ አንዷ እየጻፈች አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካርድ ጨረሱ። መንገድ ሥራው ድልድይ ሲዘጋ የእሳት አደጋውም የጥሪ ክፍሉም በዚያችው ደቂቃ ያየዋል። አንዱ መንገድ አንድ ቁጥር ብቻ አለው። መልቀቂያ ያስገባው ልጅ ሳይቀር ደብዳቤውን መልሶ ወሰደ፤ «ኩባንያ ብሄድ ማንን አድናለሁ?» አለ አሉ። ወይዘሮ ዶሪንም በመስከረም በጭብጨባ ጡረታ ወጡ።

በቆሎ አጨዳው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባላቸው ቨርሊን ከእህል ማከማቻው መሰላል ወደቁ። ወይዘሮ ዶሪን ሮጠው ደረሱ፤ ስልካቸውን አወጡ። ስልኩን ያነሣችው ከሌላ ወረዳ የመጣች፣ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ ናት፤ አታውቃቸውም።

«የት ነው ያሉት እናቴ?»

«እኛ ቤት! ቨርሊን ወደቀ፣ እግሩ… ኧረ ቶሎ በሉ!»

«የማን ቤት ልበል?»

የሰውን ሁሉ ቤት በቃላቸው የሚያውቁት ሴት የገዛ ቤታቸው መንገድ ጠፋባቸው። «የ… የሆቮርካ ነዋ! የሆቮርካ!»

ልጅቷ ጻፈች። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ለአምቡላንሱ ስታነብ ተሰማቸው፤ በእርጋታ፣ ሳትደነቃቀፍ፦ «ሆቮርካ። የፖስታ ሣጥኑ ላይ ዶሮ የተሳለበት። በፊት በር አትግቡ፤ ውሻው ይናከሳል። በጎተራው በኩል ዙሩ።»

ወይዘሮ ዶሪን ቀጥ አሉ። ከሃያ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው የጻፉት ቃል ነው። የቨርሊንን እጅ ጨብጠው ሲያለቅሱ በመካከሉ ሣቅ አመለጣቸው።

«በዘጠኝ ደቂቃ ይደርሳሉ እናቴ፤ አይዞዎት፤ ከእርስዎ ጋር ነኝ» አለች ልጅቷ።

«ልጄ፣ ውሻው እኮ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው! በፊት በር ይግቡ፤ እሱ ይቀርባል።»

«እሺ፣ ነገርኳቸው።»

«መንገር ብቻ አይበቃም» አሉ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት አለቃ ዕንባቸውን እየጠረጉ፤ «አሁኑኑ ካርታው ላይ አስተካክዪው፤ ነገ ተረኛዋ ሌላ ሰው ናት።»