«ጫን» ሲለኝ አልጫንኩም

ልጄ መክሊት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ጋር ሆና ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የቻለም የሚያሻሽለው የአጽዋማትና የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ለስልክ ሠርታ ነበር። የሚወርድበትን ድረ ገጽ ስልኬ ላይ ከፈተችልኝና «እማዬ፣ አንቺ ካወረድሽው ማንም አያቅተውም» ብላኝ ወጣች። «አውርድ» የሚለውን ነካሁት፤ ሌላ ገጽ መጣ። እዚያ ደግሞ «ጫን» ይላል። ልመለስ ብል ቅድም ከላይ የነበረው «መነሻ» ቦታው ላይ የለም። እንግዲህ ዲላ ኖሮ መጫንና ማውረድን የማይለይ የለም፤ የቡና መኪና ከጫነ ዕቃው ሄደ ማለት ነው። እጄን ሰበሰብኩ።

መክሊት ስትመለስ «ምነው፣ አልጫንሽውም እንዴ?» አለችኝ።

«ምን አለኝና ልጭን? ያለኝ የአባትሽ ፎቶ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚህ ስልክ ሌላ የትም የለም። እሱን ለማንም አልጭንም።»

ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ እማዬ! ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው። አንዱን ገጽ እኔ ጻፍኩ፣ ሌላውን ጓደኛዬ።»

«አንድ ከሆነ ታዲያ ምነው ሁለት ስም አወጣችሁለት?»

ቃሉን አንድ እናድርገው ልትለው ለጓደኛዋ ደወለች። «ተዪው፣ ሰው ይለምደዋል» ሲላት ይሰማኛል።

«እናቴ አባቴን ድጋሚ የምታጣ መስሏት ቁጭ ብላለች እኮ!» አለችው። ልጁም «እሺ፣ እናስተካክለው» አላት።

በማግስቱ ገጹ ሁሉ «አውርድ» የሚል ሆነ፤ «መነሻ»ም በየገጹ አንድ ቦታ ላይ ተቀመጠ። አማትቤ ነካሁት። መቁጠሪያው ሲከፈት ልጄ «በይ ጾሙ መቼ እንደሚገባ እዪ» አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ሄጄ ፎቶውን አየሁ። አለ።