የሙሉጌታ ተራ

ወደ አውሮራ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በስልክ ስለሚጫወቱት፣ እያንዳንዱ በተራው እውነተኛ ተጫዋቾችን እየመረጠ የምናብ ቡድን ስለሚያቋቁምበት የፉትቦል ሊግ ያወራሉ።

«ዘንድሮ ተጫዋች ቀድሞ የሚመርጠው የሙሉጌታ ቡድን ነው። ተራውን ትሬድ አድርገን፣ በሌላ ለውጠን እንውሰድበት።»

«አርባው እንኳ ሳይደርስ?»

«ታዲያ ተነስቶ ሊመርጥ ነው?»

«እኔም ለቀልድ ብዬ ትናንት ለቡድኑ የትሬድ ጥያቄ ላክሁ።»

«እና?»

«ጠዋት መልስ መጣ። ‹ተራዬን ለወንድሜም አልሰጥ› ይላል።»

«ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ይላት የነበረችውን?»

«እሷኑ።»

«ሚስቱ ትሆናለቻ!»

«ቡድኑ የሚከፈተው በሱ ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩ እኮ እኔ ቤት ነው። ከሆስፒታል ካመጣሁት ጀምሮ እንደተዘጋ ነው።»

«በል፣ ተራውን ተውለት።»

«አሁንማ ምን ቆርጦኝ እነካዋለሁ!»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ ግን አልሳብሁም።