መሳቢያ ውስጥ የቆየው ደብዳቤ

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቡሬ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ ሕክምና ለመማር ሳመለክት በቅርብ ከሚያውቀኝ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ምጥ የያዛትን እናት እንዴት እንደማዋልድ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ አለቃዬ ሲስተር ዘነቡ ናቸው። እኔ ግን “የነርስ ፊርማ ምን ክብደት አለው?” ብዬ፣ ሳልነግራቸው ፍኖተ ሰላም ወደሚሠራ ስፔሻሊስት ሄድኩ። አንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶናል፤ የምንተዋወቀው በዚያው ብቻ ነው።

ዶክተሩ ቅጹን አየና “‘ምን ያህል ጊዜ ያውቋታል?’ ይላል። ምን ብዬ ልሙላው?” አለኝ። በቅርብ የሚያውቀኝ ማን እንደሆነም ጠየቀኝ። የአለቃዬን ስልክ ቁጥር ተቀብሎኝ እዚያው ፊቴ ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለና ለድጋፍ ደብዳቤ እሱ ጋ መምጣቴን ነገራቸው። ሲስተር ሳያቅማሙ “ልጄ ናት እኮ ዶክተር! እጇ ለማዋለድ የተፈጠረ ነው። ደብዳቤዋንም ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እስክትጠይቀኝ ነው” አሉት። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ። አምስት ዓመት ሙሉ “አንቺ ልጅ” ሲሉኝ የኖሩት ሴትዮ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና፣ “ይቀመጡ እንጂ” አሉኝ።