አግዳሚው ሲሞላ

ሜዳው ዳር የደረስኩት ጥላ ፍለጋ እንጂ ሶፍትቦል፣ ያ በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ፣ ናፍቆኝ አይደለም። ጥላ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር፤ ጫፉ ላይ ተለጠፍኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ከእሳቸው ወዲያ ደግሞ የጨዋታው ነጥብ መዝጋቢ፣ አንዲት ወጣት፣ ተቀምጠዋል። ጨዋታው ገና ማለቁ ነው። ሰው ያጨበጭባል፤ ሽማግሌው አቀርቅረዋል።

"ተሸነፋችሁ እንዴ፣ አባባ?" አልኳቸው።

"አሸነፍን። የከፋኝም እሱ ነው። መቺዋ የልጅ ልጄ ናት። ነጥቡ እኩል፣ ሦስቱም ቤዝ፣ ሯጮች የሚያርፉበት ቦታ፣ በጓደኞቿ ተይዟል። እሷ ዱላዋን ይዛ እንደ ስልክ እንጨት ተገትራ ቀረች። ወርዋሪዋ አራት ኳስ አበላሸችና 'ወደ አንደኛው ቤዝ እለፊ' አሏት፤ በዚሁ አለቀ። ይሄ ድል ነው ምጽዋት? ከነገ ጀምሮ ሜዳ የለም፤ ሱቅ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትትከል።"

እኔ ዲግሪዬን ብታቀፍም ሕጉን አላውቀውም። መዝጋቢዋ ግን ብዕሯን አኖረች።

"አባባ፣ ይፍቀዱልኝና፣ አንድ ቤዝ ሁለት ሰው አይይዝም። እሷ አንደኛው ላይ ስትመጣ እዚያ የነበረችው ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛዋ ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛዋ ወደ ቤት፣ ወደ መምቻው ቦታ። ተገደው ስለሆነ መንገዳቸው ላይ ማንም በኳስ ነክቶ አያስወጣቸውም። ቤት የገባችው ነጥብ ይቆጠርላታል፤ 'አስገቢዋ' ተብላ የምትመዘገበው ግን የእርስዎ ልጅ ናት።"

"ሁለተኛው ባዶ ቢሆንስ?" አሏት ሽማግሌው።

"ግፊቱ እዚያው ይቆማል። የሦስተኛዋ አትገደድም።"

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። "እንደ ሱቄ አግዳሚ በይኛ። ሦስት ሰው ሞልቶት አራተኛ ደንበኛ ሲመጣ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይላል፤ ጫፍ ያለው ተነሥቶ ለልኬት ይገባል። መሐሉ ክፍት ከሆነ ግን ምን ቆርጦት ይነሣል።"

"እንዲያው ነው።"

"መግፋቱስ ይሁን። ዱላ ሳትሰነዝር ምን ሠራች ተብሎ ይጻፍላታል?"

"አለመሰንዘሯ ነዋ ሥራው። ከአራቱ ሁለቱ ኳሶች እኮ እጅ የሚያሳክኩ ነበሩ፤ ብትሰነዝር ስህተቱ በእሷ ይቆጠር ነበር። አባባ፣ ደንበኛ ቆሞ ሲያጣድፍዎ ሳይለኩ መቀስ ያሳርፋሉ?"

"ምን በወጣኝ።"

"ታዲያ እጇን መያዝ ከማን የተማረች ይመስልዎታል?"

ሽማግሌው ቀና ብለው ፈገግ አሉ። እኔም ሕጉን ወደድኩት። የሮጠን የሚሸልም ሕግ ሞልቷል፤ የታገሠን በስሙ የሚመዘግብ ያየሁት እዚህ አቧራ ላይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ቢሠራበት በመጣ ነገር ሁሉ ዱላ የሚወዘውዝ ስንቱ አለቃ አደብ በገዛ፤ በየቤቱም ረጋ ያለ ልጅ ሁሉ ፈዛዛ ባልተባለ።

ይኼኔ ልጅቱ ፊታቸውን በስርቆት እያየች በመዝጋቢዋ በኩል መጣችና ቆመች።

"ምን ይገትርሻል? ተቀመጪ እንጂ" አሏት አያቷ። "ቁልፉን እኔ እተክለዋለሁ፤ አንቺ ነገ ልምምድሽ እንዳይቀር።"

መዝጋቢዋ ጠጋ አለች፤ ሽማግሌው ጠጋ አሉ፤ እኔ ራሴን ፀሐይ ላይ ቆሜ አገኘሁት።

"አይክፋህ ልጄ፣ ተገደህ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ። "ይሄኛውንም በሷ ስም ጻፊው።"