ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

እንዴት አደሩ እማማ ሀዲጃ? ልጅዎ ፈይዛስ ደህና ናት? ዝናቡ እኮ ጉድ ነው... የቡሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሰዉ ጫማውን በእጁ ይዞ ገበያ ይወርዳል አሉ። ቁጭ ይበሉ፣ ወንበሩን ጠርጌዋለሁ። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ ነው እንጂ፣ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ለሚያነበው ሰው ብዬ አይደለም። ያቺን ገጽ ከመጣ ጀምሮ አልገለበጣትም... ጽሑፏ ብትጥመው ነው።

ለካ ይቺን ክፍል ለሌላ ሰው ሊያከራዩዋት ነው? ግዴለም፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። እንጀራዬ ይቺ ጌም ቤት ናት፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት እንደዚህ ያለ ክፍል ደግሞ ዲላን ብዞር አላገኝም። ግን ምን ይደረግ... ለማን እንደሆነም አልጠየቅኩም። "ለኢንጂነሩ" ሲባል ሰማሁ እንጂ። ደስ አለኝ! ኢንጂነር እያለ የእኔ የየትምወርቅ እዚህ መቀመጥ ምን ያደርጋል?

እኔ የምለው፣ ስለ ቪጂኤ ካርድ አጫውቼዎት አላውቅም አይደል? ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆና ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የምታወጣ ነገር ናት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካርዱ ሁሉ የየራሱ ቋንቋ ነበረው። ጌሙ በዚህኛው ካርድ ቋንቋ ከተሠራ ያኛውን ዞር ብሎም አያየው። ኋላ ጌም ሠሪዎቹ ሰለቻቸውና የጋራ ቋንቋ መጣ። እኛስ ዲላ ገበያ እንዴት ነው የምንነግደው? ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ኦሮሞው በየቤቱ በየቋንቋው ያወራል፣ ገበያ ላይ ግን በአማርኛ ይከራከራል። እንደዚያ ይበሉት። ከዚያ በኋላ ካርድ ሠሪው ካርዱን ለቋንቋው እንዲመች አድርጎ ይሠራዋል፤ ቋንቋው ደግሞ ካርዱ የቻለውን አይቶ አዲስ ቃል ይጨምራል፤ ቃሉ ሲጨመር ካርዱ እንደገና ይለወጣል። አብረው ሲኖሩ ተቀራረጹ፣ ልክ እንደ ባልና ሚስት። ወይም እንደ ሸሪክ... ሸሪክ ስል ማንንም ማለቴ አይደለም። ሰውም እኮ አብሮ ሲሠራ ይማማራል። እኔ ከአንድ የማውቀው ሰው ትዕግሥት ተምሬያለሁ። እሱ ደግሞ የእኔን ሥራ በራሱ ስም መጥራት ተምሯል።

ጎበዝ ሰው ነው! አዲሱ የኳስ ጌም ሲወጣ ለዚህ ቤት ካርድ ሊገዛ መርካቶ ድረስ የሄደው እሱ ነው። ባለሱቁ ካርቶናቸው ላይ ሦስትና አራት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ካርዶች ቢያቀርብለት፣ አራት ከሦስት ይበልጣል ብሎ አራቱን ይዞ መጣ። ሒሳቡ ምን ስህተት አለው? ሌላው ነጋዴ ጆንያው ላይ "አንደኛ የኮንጋ ቡና" ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከፍቶ ቡናውን ሳያይ አይገዛም። እሱ ግን ቅን ስለሆነ ካርቶኑን አመነ። ለካ አራት ቁጥር የተባለው፣ ሦስቱ የሚያውቃቸውን አዳዲስ ቃላት አያውቃቸውም። ያደገው ስሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ አይተው ያውቃሉ? እኔማ አላየሁም...

ቅዳሜ፣ ለገበያ የመጣው ጎረምሳ ሁሉ ተሰልፎ ጌሙ አልከፈትም አለ። ሰውዬው አልተበሳጨም፣ ጨዋ አይደለም እንዴ? "ሻይ ጠጥቼ መጣሁ" ብሎ ወጣ። ኋላ አንዲት የማትረባ ሴት አንድ ፕሮግራም ፈልጋ አገኘች። ፕሮግራሙ ጌሙን "አዎ፣ ይሄ ካርድ ቋንቋውን ይችላል" ብሎ ይዋሸዋል፤ ሥራውን ግን ቀስ አድርጎ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ዋናውን ፕሮሰሰር ያሸክመዋል። ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ያለከልካል፤ ካርዱ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀመጣል። ኳሷ ብትንፏቀቅም ሄደች። ያኔ ሰውዬው ተመልሶ መጣና በር ላይ ቆሞ "አስተካክዬዋለሁ፣ ግቡ!" አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? አንበሳውን አሰርኩ የሚለው ግን አንዱ ድር ነው... ኢንጂነር የተባለውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሱ ከሥራም በላይ ውሏል።

ሄደ እንዴ ባለጋዜጣው? የለም፣ ወንበሩን አዙሮ ነው። ፀሐይ መትታው ይሆናል... በዚህ ዝናብ!

ቤቱን ይስጡት እማማ ሀዲጃ። ቅር አይለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ደግነቱን ይዩልኝማ፤ ዛሬ ጠዋት "እኔ ስገባ ኮምፒውተሮቹን እያየሽ ትሠሪልኛለሽ" ብሎ ሰው ላከብኝ። እኔ ምስጋና የማላውቅ ነገር፣ እቃዬን ጭኜ ነገ ይርጋጨፌ ወንድሜ ጋ እንደምሄድ ነገርኩት። አሁን እሱ ቁልፉን ይረከባል፣ እኔም እመርቀዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱን ይባርክለት፣ ደጁን በሰው ይሙላለት። ብቻ እግዜር... ራሱ ሠርቶ የሚያድርበትን ቀን ከቶ አያምጣበት። አሜን ይበሉ እንጂ እማማ!