ትኩሱ የመዳብ ጥቅል

ያን ጠዋት ወደ ጋብሮቮ ገበያ ስወርድ ያየሁትን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን እደነግጣለሁ። ጎረቤቴና እኩያዬ ስታመን፣ የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ ሲጠቀልል ያረጀው ሰውዬ፣ መዶሻና አንድ የሽቦ ጥቅል ይዞ ሱቁ በር ላይ በተደገፈ መሰላል ወጥቷል። በእኛ ከተማ የሙያው ሰዎች ሽቦ ያጭበረበረ ባልደረባቸውን ጥቅል በር ላይ ቸንክረው ለመንገደኛ ያሳያሉ፤ የተቸነከረበትን ሰው ከዚያ ወዲያ የሚቀጥረው የለም። ከመሰላሉ ሥር ሠራተኛው ቬሊኮ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አልኩ።

«ሌባ ነዋ!» አለ ስታመን። «ንጹሕ መዳብ ሰጥቼው በቆሻሻ ሽቦ ጠቀለለልኝ። የተቀባው ቫርኒሽ ከሚደርቅበት ምድጃ አውጥቼ ብለካው የኤሌክትሪኩ እንቅፋት በሲሶ ጨምሯል። መለኪያ ይዋሻል እንዴ?»

«መለኪያውስ አልዋሸም፣ አጎቴ» አለች ከሶፍያ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣችው የእህቱ ልጅ ዝላታ። «ግን ትኩስ ጥቅል ለክተው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ! ሁልጊዜ ጠዋት፣ ምድጃ ሳይለኮስ ነው የምለካው፤ ዛሬ ደንበኛው ቢያስቸኩለኝ ነው። መዳብ ቢሞቅ ምን ይሆናል?»

«ይንቀጠቀጣል።»

ስታመን ከት ብሎ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ፤ የከተማው አስተማሪ ነኝና። «መምህር፣ ትሰማለህ? ሽቦውን ወባ ያዘው ልትለኝ ነው!»

ልጅቱ አልተቆጣችም። የተማረ ሰው ሲቀለድበት ካልታገሠ መማሩ ለምኑ ነው?

«መዳቡ ውስጥ አቶሞች በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ ኤሌክትሮኖች በመካከላቸው ያልፋሉ። ረድፉ ካልተዛነፈ ማለፉ ይቀላል። ሲሞቅ ግን አቶሞቹ ባሉበት ይወዛወዛሉ፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮኖቹ እየተላተሙ ከመንገዳቸው ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብሎ በቆመ ሕዝብ መሀል ማለፍና ሰርግ ላይ በሚጨፍር ሕዝብ መሀል ማለፍ አንድ ነው?»

«ቆሻሻ ቢኖርበትስ?»

«እሱም ያደናቅፋል። ግን ሲቀዘቅዝ የሚቀንሰው ውዝዋዜው ነው፤ ቆሻሻው የትም አይሄድም። ለዚሁ ሞተር እርስዎ ራስዎ ከጠቀለሉት ጥቅል ጋር ደጅ በተከመረው በረዶ ውስጥ እንቅበረውና እንለካቸው። ቬሊኮ ቆሻሻ ሽቦ አስገብቶ ከሆነ፣ በብርዱም የእሱ ይበልጣል።»

ሁለቱንም በቆርቆሮ አድርገው ቀበሯቸው። ቀዝቅዘው ሲወጡ የሁለቱ ቁጥር አንድ ሆነ። ስታመን ዓይኑን አላመነም፤ መልሶ ለካ። አሁንም አንድ ነው።

«ወይኔ ስታመን! ሰው ልገድል ነበር እኮ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። መለኪያው አሳሳተኝ።»

ቬሊኮ ኮቱን ደረበ። «መለኪያውን ደጋግመው ጠየቁት። እኔን ግን አንዴም አልጠየቁኝም» አለና ወጣ።



ከዚያ ወዲህ በከተማችን ጥቅል ሳይቀዘቅዝ አይለካም፤ ንጹሕ ሽቦም በከንቱ አይጣልም። ሞተር ሥራ ላይ ሲግል እንቅፋቱ እንደሚጨምር ታስቦ ስለሚጠቀለል ቶሎ አይቃጠልም። በር ላይ መቸንከር የሚባለው ክፉ ልማድም ቀርቷል። ስታመን ራሱ ለአዲስ ሠራተኛ «መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ሰውየውንም ጠይቅ» ሳይል ሽቦ አያስነካም። ቬሊኮ ዛሬ የሚሠራው ከወንዙ ማዶ ሌላ አሠሪ ዘንድ ነው። ድልድዩ ላይ ሲተላለፉ ሽማግሌው ባርኔጣውን ያወልቅለታል፤ እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።