በየፋሲካው የሚሸሸው ወንበር

አቶ ዊልፍሬድ ጌጅ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆመው አባትና እናታቸው ሲነጋገሩ ሰምተው ነበር። ወሬው ባሕሩ ገደሉን እየበላ ወደ ቤታቸው ስለ መቅረቡ ነበር። አባታቸው «ለእኛ ዕድሜ ይበቃናል» አሉ። እናታቸው የመለሱትን ግን እንፋሎት የጋረደው ይመስል ከዚያ ወዲህ ማስታወስ አልቻሉም።

አሁን አቶ ዊልፍሬድ ራሳቸው አርጅተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ በዚያው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አባታቸው ከተሰበረ የሸርጣን ጀልባ እንጨት የሠሩት አግዳሚ ወንበር ገደሉ አፋፍ ላይ አለ። በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ የባሕር ዳርቻ አፈር በየክረምቱ ስለሚናድ፣ በየፋሲካው ዋዜማ ወንበሩን ወደ ኋላ መሳብ የቤተሰቡ ልማድ ነው። ዘንድሮም ጉም ባሕሩንና ሰማዩን አንድ ባደረገበት ማለዳ ሲጎትቱት፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሮዌና ውሻዋን ይዛ ድንገት ደረሰች። ሮዌና የወረዳው ምክር ቤት የመሬት ዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ናት።

«ጋሽ ዊልፍሬድ፣ ወገብዎን ሊሰብሩት ነው?»

«ወገቤን የሰበረው የናንተ መሥሪያ ቤት ነው። ማዕበሉን የሚያግድ ግንብ ሥሩልን ስንል ቤታችሁን ልቀቁ ትሉናላችሁ። ለዚህ ነው የተማርሽው?»

«ለዚሁ ነው» አለች እየሳቀች። «ግን የእህትዎ የአግነስ መንደር አሸዋ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? ከዚህ ገደል እኮ ነው። ባሕሩ ከኛ ቆርሶ እነሱ ደጃፍ ያነጥፈዋል። እኛ በግንብ ከዘጋነው ማዕበሉ እትዬ አግነስ ሳሎን ይገባል።»

«ይግባ። ከአግነስ ጋር ተጨቃጭቆ ከቻለ ይኑር።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ዓይናቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ እህታቸው መንደር ሄዶ ጉሙ ውስጥ ቀረ። ስንት ሌሊት ተንበርክከው ግንብ ሲለምኑ፣ የለመኑት ነገር በማን ደጃፍ እንደሚወድቅ አንድ ቀን አስበው አያውቁም ነበር። ብዙዎቻችን ስንጸልይ እንዲሁ ነን።

«ታዲያ የት ልሂድ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሚስቴ እኮ እዚያ ቤት ነው የሞተችው።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው መስክ ለናንተ ይከለል ነው የምንለው። ቤቱ ሳይወድቅ ያፈረሰ ሰው ምትክ ቦታ ያገኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ አይለያይም። የተለቀቀው መሬት ሣር ይለብሳል፤ መንገደኛ ይሄድበታል። ረቡዕ በምክር ቤቱ ስብሰባ ካልተወሰነ ግን መስኩን የካራቫን፣ የእረፍተኞች ተጎታች ቤት ማቆሚያ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው አለ። መንደሩ ደግሞ አይቶ የሚከተለው እርስዎን ነው።»

«ተይኝ ልጄ። ለእኔ ዕድሜ ይበቃኛል።»

ሮዌና እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄንንስ ለምን ይስቡታል? ለእርስዎ ዕድሜ አይበቃም?»

«ነገ የሚቀመጥበት ሰው አይጠፋማ።»

«እንግዲያው ከኛ መሥሪያ ቤት በፊት ዕቅድ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ቤቱን ብቻ ረሱት።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ውስጥ አንዲት ወፍ ትዘምራለች፤ ማዕበሉ ከታች እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። በዚህ መካከል የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ያለ መሰላቸውና የእናታቸው ድምፅ፣ ሳይደበዝዝ፣ ከእንፋሎቱ ወጣ፦ «ለእኛስ ይበቃናል። ለዊልፍሬድስ?»

ከወንበሩ ተነሡ።

«የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ባሕር ይዞርልኛል?»

«ወደፈለጉት።»

«እንግዲያው ረቡዕ እመጣለሁ። መስኩ ይከለልልን ብዬ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ቤቱንም በበጋው በእጄ አፈርሰዋለሁ። ለአግነስ ግን እኔ ልንገራት፤ ሳሎኗን ያዳንኩላት እኔ መሆኔን ዕድሜ ልኳን ትስማ። በይ አሁን ያንን ጫፍ ያዢ።»